ከውጭ የሚመጣ መልስና 255 ፊደል ብቻ የሚይዝ ፊልድ

ጥያቄ፦ በሴልስፎርስ ላይ የደንበኞች አያያዝ ሥርዓት የምገነባ ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። የደንበኛው ቅሬታ ሲመዘገብ ጽሑፉን ወደ አንድ የውጭ ዌብ ሰርቪስ ልኬ፣ የሚመለስልኝን አጭር ማጠቃለያ በዚያው መዝገብ ባለ አንድ ፊልድ (የመረጃ ማስፈሪያ ቦታ) ላይ ማስፈር እፈልጋለሁ። ወደ አገልግሎቱ የሚደረገውን ጥሪ በትሪገሩ (መዝገብ ሲቀመጥ በራሱ በሚነሣው ኮድ) ውስጥ ስጽፈው ሥርዓቱ አይፈቅድም። ለብቻው ስሞክረው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ማጠቃለያዎቹ በጅምላ ሳይመዘገቡ ይቀራሉ፤ አልፎ አልፎም አገልግሎቱ የላክሁለትን ጽሑፍ ማንበብ እንዳልቻለ ይገልጻል። ስህተቴ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ሦስቱ ችግሮች በአንድ ኮድ ውስጥ ስለተገናኙ አንድ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የሥርዓቱ ጉድለት ሳይሆን ጥበቃው ነው። ትሪገር የሚሠራው ትራንዛክሽኑ (በአንድነት የሚጸድቀው ወይም የሚሰረዘው የሥራ ዙር) ገና ሳይዘጋ ነው፤ የአንድ ጥሪ የመጠበቂያ ጊዜ ካልተቀየረ 10 ሰከንድ፣ ሲራዘም ደግሞ እስከ 120 ሰከንድ ስለሆነ፣ በዚያ መሃል የውጭ መልስ መጠበቅ ቢፈቀድ ኖሮ መዝገቡ ያን ያህል ጊዜ ተቆልፎ ሌሎች ተጠቃሚዎችን ባስቆመ ነበር። ስለዚህ ትሪገሩ የመዝገቦቹን መለያ ብቻ ለኪዩኤብል ክላስ (ሥራውን ወረፋ አስይዞ በኋላ ለብቻው ለሚሠራ ኮድ) አስረክቦ ይውጣ፤ ክላሱም የውጭ ጥሪ እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተገለጸበት ይሁን። በክላሱ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ ጥሪዎቹ ሁሉ ይቅደሙ፣ መዝገብ ማሻሻሉ በመጨረሻ ይምጣ፤ አሻሽሎ ወዲያው መጥራት ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ የሚል ስህተት ያስከትላል። ትሪገር በአንድ ዙር እስከ 200 መዝገብ ሲቀበል፣ በአንድ ትራንዛክሽን የሚፈቀደው የውጭ ጥሪ ግን 100 ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ መዝገብ የተሞከረ ኮድ በጅምላ ጭነት ቀን መውደቁ አይቀርም፤ ሥራውን ከፋፍለው ያሰልፉ። ከዚህም ሌላ ማጠቃለያው ሲጻፍ ትሪገሩ እንደገና ስለሚነሣ፣ የቅሬታው ጽሑፍ ከቀድሞው መለወጡን ሳያረጋግጥ ሥራ የሚያሰልፍ ከሆነ ጥሪው ማቆሚያ ያጣል።

የጠፉት ማጠቃለያዎች ጉዳይ የፊልዱ ዓይነት ነው። ተራው የጽሑፍ ፊልድ ከ255 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ትርፉን ቆርጦ በማስቀመጥ ፈንታ ማሻሻያውን በሙሉ ይመልሰዋል። በተለመደው አሠራር አብረው የተላኩት መዝገቦች በሙሉ አንድ ላይ ስለሚጸድቁ ወይም ስለሚወድቁ፣ የአንዱ መልስ መርዘም የሌሎቹንም ያስቀራል። ረጅሙ የጽሑፍ ፊልድ እስከ 131,072 ፊደል ይይዛል፤ ሆኖም በእርሱ መዝገብ አጣርቶ መፈለግ አይቻልም። እኔ ብሆን ሙሉውን መልስ በረጅሙ ፊልድ፣ ለዝርዝር ገጽና ለፍለጋ የሚሆነውን አጭሩን ደግሞ በኮድ ቆርጬ በተራው ፊልድ አስቀምጣለሁ። መልሱ መቆረጡ የሚታወቅበት ምልክት ካልተቀመጠ ግን አንባቢው ጎዶሎውን ዓረፍተ ነገር እንደ ሙሉ ይወስደዋል።

ሦስተኛው፣ ጄሰኑን (ወደ አገልግሎቱ መረጃ የሚላክበትን የጽሑፍ ቅርጽ) ቃላት በመቀጣጠል የሠሩት ይመስላል። ደንበኛው ትእምርተ ጥቅስ ወይም አዲስ መስመር በጻፈ ቁጥር የጄሰኑ አወቃቀር ይፈርሳል፤ ጽሑፉን ለኤፔክስ (የሴልስፎርስ የፕሮግራም ቋንቋ) የጄሰን መሣሪያ ሰጥተው እርሱ ያዘጋጀው። አገልግሎቱ ልኩን በባይት የሚቆጥር ከሆነም ያስተውሉ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) 3 ባይት ስለሚወስድ 255 ፊደል 765 ባይት ይሆናል።

ከመልሱ ጋር የሚመጣውን የሁኔታ ቁጥር ሳይመለከቱ ይዘቱን ወደ ፊልዱ አይጻፉ። አገልግሎቱ ሲታወክ የሚልከው የስህተት ገጽም ጽሑፍ ነውና፣ ቁጥሩ 200 (ጥሪው ተሳክቷል ማለት ነው) መሆኑ ካልተረጋገጠ የደንበኛው ማጠቃለያ ሆኖ ይቀመጣል።