አምፖል ተቃጥሎ ብሬከር ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ማታ የሳሎኑን ማብሪያ ስጫን የድሮው ቢጫ አምፖል ጧ ብሎ ተቃጠለ፣ ወዲያው ቤቱ በሙሉ ጨለመ። መብራት ሄደ ብዬ ወጣ ስል ጎረቤት አለ፣ ለካ ብሬከሩ ወርዶ ነው። ገመዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ምንም አይሆንም። አምፖሉ ውስጥ ያለችው የተንግስተን ክር ስትበጠስ ክፍተቱ ላይ ብልጭታ ይነሳና ውስጡ ያለው ጋዝ ራሱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ከዛ ብልጭታው ክሯን ትቶ ክሯን በያዙት ሁለት ሽቦዎች መሃል ይዘላል፣ በቃ ለቅጽበት ሾርት ሆነ ማለት ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት 0.27 አምፔር አካባቢ ነው የሚስበው፣ ያኔ ግን በአስር ቤት የሚቆጠር አምፔር ሊፈስ ይችላል፣ ባለ 10 አምፔር ቢ ታይፕ (ቶሎ የሚወርደው ዓይነት) ብሬከር ደግሞ ከ30 እስከ 50 አምፔር መሃል ላይ ሳያመነታ ይወርዳል። ሥራውን ነው የሰራው እንግዲህ!

ስታበሪ የተቃጠለውም ቀዝቃዛ ክር ከጋለው ከ10 እጥፍ በላይ ከረንት ስለሚስብ ነው። ቤቱ በሙሉ መጨለሙ ግን ደስ አይልም፣ መብራቱ ለብቻው ብሬከር ቢኖረው ጥሩ ነበር።

አሁን ማብሪያውን አጥፊ፣ አምፖሉን ቀይሪ፣ ብሬከሩን መልሺ። ኤልኢዲ ብትገዢ ይሻላል፣ የሚበጠስ የተንግስተን ክር የለውም። አዲሱን አስገብተሽም ከወረደ ግን ሆልደሩ ወይ ገመዱ ነውና ደጋግመሽ አትመልሺው፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ።