ነዋሪው ማይክ ሲያይ እንደ ስብሰባ እንዳያወራ

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለክልል የሕዝብ ሬዲዮ የአካባቢ ሰዎችንና የማኅበረሰብ ችግሮችን የሚያነሳ የ8 ደቂቃ ዝግጅት እንድትሠራ ተመድባለች። ነዋሪዎቹ ማይክ ሲያዩ አቤቱታ እንደሚያነቡ ሆነው ያወራሉ፣ ኃላፊዎች ምላሽ አይሰጧትም፣ ቅጂዋም ድምፁ ይርቃል። ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ሰዎቹ ደረቅ አይደሉም። ደረቁ አጠያየቃችን ነው። «በአካባቢያችሁ ያለው ዋና ችግር ምንድን ነው?» የተባለ ሰው ወዲያው የመንደሩ ወኪል ይሆናል። «እኛ ነዋሪዎች ከፍተኛ የመሠረተ ልማት ችግር አለብን፣ የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠን» ይልሻል። እንዲህ ያለው ንግግር ከየትኛውም መንደር ሊቀዳ ስለሚችል አድማጭ ጆሮ ውስጥ አይቀርም። ስለ ትናንት ጠይቂው። «ትናንት ጠዋት ከቤት ስትወጣ በየት በኩል ሄድክ? ምን ይዘህ ነበር? ወንዙ ጋ ስትደርስ ምን አደረግክ?» ያው ሰው ድምፁ ይለወጣል፤ ማስረዳቱን ትቶ ያደረገውን መናገር ይጀምራል። ስለ ችግሩ ያለውን አስተያየት ከፈለግሽ መጨረሻ ላይ ጠይቂው። ያኔ አስተያየቱ ከኖረው ነገር ላይ ስለሚነሳ ክብደት ይኖረዋል።

ይህ እንዲሆን ግን ርዕሱ ራሱ ቀድሞ መጥበብ አለበት። «የድልድይ ችግር» ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ዝግጅት አይደለም። «ድልድዩ ከተሰበረ ወዲህ አንዲት አዋላጅ ነርስ እናቶችን ለማየት ወንዙን በእግሯ ትሻገራለች፤ ጥገናው የማን ሥራ እንደሆነ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አልተስማሙም» ስትዪ ግን ዝግጅት አለሽ። ማን፣ ምን እያደረገ፣ በምን ምክንያት፣ ኃላፊነቱስ የማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልሽ ለቀረጻ አትውጪ። በ8 ደቂቃ ውስጥ አንድ ዋና ባለታሪክ፣ አንድ ወይም ሁለት ደጋፊ ድምፅና አንድ ኃላፊ ይበቃል። ስድስት ነዋሪ ብትደረድሪ አድማጭ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋበታል፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አምስቱ ትርፍ ናቸው።

ባለታሪክሽን ከቀረጻው በፊት አግኚ፤ ነገር ግን ታሪኩን ሙሉ በሙሉ አታስነግሪው። ሰው ታሪኩን ሁለተኛ ጊዜ ሲናገር ያሳጥረዋል፤ «ቀደም ብዬ እንደነገርኩሽ» እያለም ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ለአየር አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን የቀኑን ውሎ፣ የት የት እንደሚሄድና ማን እንደሚያውቀው ብቻ ጠይቂና ዋናውን ለቀረጻው አቆዪው። ማስረዳት ያለብሽን ግን ያኔውኑ አስረጂ፦ ድምፁ በየትኛው ጣቢያ እንደሚተላለፍ፣ ንግግሩ ተቆርጦ እንደሚያጥር፣ ስሙ እንደሚጠራ ወይም እንደማይጠራ፣ ዝግጅቱ በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ከሆነም ለዓመታት ሊገኝ እንደሚችል። ፈቃዱን ማይኩ ከተከፈተ በኋላ እንደገና ጠይቂውና ከቅጂው ጋር አብሮ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ስም መደበቅ ሰውን መደበቅ አይደለም። በአንድ አካባቢ ሰው የሚታወቀው በድምፁ፣ በአነጋገሩና በሥራው ነው። የድምፁን ቅጥነት በኮምፒውተር መለወጥም አስተማማኝ አይደለም፤ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። አንድ ሰው በመናገሩ ከሥራው ወይም ከቤቱ ሊፈናቀል የሚችል ከሆነ ቃሉን ሌላ ሰው ያንብበው፤ ለአድማጭም «ለደኅንነታቸው ሲባል ቃላቸው በሌላ ሰው ድምፅ ቀርቧል» ይባል። ሥራውንና ሰፈሩን አጣምረሽ ከተናገርሽ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ለልጆች የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወላጅ ፈቅዶ ልጁ ራሱ ካልፈለገም አትቅጂው።

ቃለ መጠይቁን ሰውዬው ጉዳዩን በሚኖርበት ቦታ አድርጊው። ቢሮ ውስጥ ወንበር ስበሽ ካስቀመጥሽው የቢሮ ንግግር ይወጣዋል። እየሄደ፣ ዕቃ እያነሳ፣ «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ነው የተሰበረው» እያለ እንዲያሳይሽ አድርጊ። ሬዲዮ ምስል ስለሌለው «ይሄ» እና «እዚያ» ብቻውን ለአድማጭ ምንም አይነግረውም፤ «ምን እንደሚታይህ ንገረኝ፤ ስፋቱ ምን ያህል ነው?» ብለሽ አስከትዪ። መልሱ ሲያልቅ ሌላ ጥያቄ ለመወርወር አትቸኩዪ። ሦስት አራት ሰከንድ ዝም በዪ፤ ሰው ዝምታውን ለመሙላት ሲል ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር የሚናገረው ያኔ ነው። «እሺ፣ እህ፣ ልክ ነው» የሚለውን ልማድ ከአፍሽ አውጪው። ከተናጋሪው ድምፅ ጋር ተደራርቦ ስለሚቀዳ በኋላ አይቆረጥም፤ በዓይንሽና ራስሽን በመነቅነቅ እየተከታተልሽ መሆኑን አሳዪው። ማይኩንም ከእጅሽ አትስጪ፤ ማይክ የያዘ ሰው ንግግር ማድረግ ይጀምራል።

ቅጂሽ የሚርቀው ማይኩ ስለራቀ ነው፤ ምክንያቱ ከዚህ አያልፍም። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በክፍት ቦታ የድምፁ ኃይል በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያለው ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያዢው። በጣም ጫጫታ ካለ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ተጠጊ። ፊት ለፊት ሳይሆን ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ አለበለዚያ በ«በ» እና በ«ፐ» ላይ የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን እየመታ ቡፍ ቡፍ ይላል። ሽቦውን በእጅሽ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሚው፤ ሽቦ ሲነካካ የሚያወጣውን ኳኳታ ኤዲቲንግ አያጠፋውም።

መቅጃውን በዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል)፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጊው። በአንድ ቻናል በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ የካርድሽን ቦታ አስቀድመሽ አስልተሽ ውጪ። የድምፁ ከፍታ በአማካይ ንግግር ከሲቀነስ 18 እስከ ሲቀነስ 12 ዴሲቤል መካከል ይዋል፤ በመቅጃው መለኪያ ላይ ዜሮ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እሱን ከነካ የተሰነጠቀው ድምፅ በምንም አይጠገንም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በልኩ ከፍ ይደረጋል። አውቶማቲክ የድምፅ ማስተካከያውን አጥፊው፤ ሰውዬው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር የዙሪያውን ጫጫታ ወደ ላይ እየሳበ ንግግሩን እንደ ማዕበል ያደርገዋል። ጎርናና ድምፅ መቁረጫ (ሎው ከት) ካለው 80 ኸርዝ ላይ ክፈቺው፤ የመኪናና የነፋስ ጉርምርምታ ይቀንሳል። ለነፋስ ስፖንጁ ብቻ አይበቃም፤ ባለ ፀጉር ሽፋን ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ጀርባሽን ለነፋሱ ሰጥተሽ ከግድግዳ ጥግ ቁሚ። ማዳመጫ ሳታደርጊ በፍጹም አትቅጂ። ጆሯችን የለመደውን የማቀዝቀዣ ጉምታና የጄኔሬተር ድምፅ አይሰማም፤ ማይክ ግን ይሰማል። መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ቀድተሽ መልሰሽ ሳትሰሚ ወደ ዋናው ጥያቄ አትለፊ።

በስልክ የምትቀጂ ከሆነ የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጊው፤ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። የስልኩ ማይክ የት እንዳለ እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው፤ በመዳፍሽ አትሸፍኚው። ለአርታኢው ስትልኪ በመልእክት መተግበሪያ የድምፅ መልእክት አድርገሽ አትላኪ፤ ጥራቱ በጣም ይጨመቃል። ዋናውን ፋይል እንደ ሰነድ አያይዢው።

ከመነሳትሽ በፊት በእያንዳንዱ ቦታ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ የቦታውን ድምፅ ቅጂ። ሁለት ንግግር ስትቀጥዪ ከሥሩ የሚዘረጋው እሱ ነው፤ ከሌለ መጋጠሚያው ጆሮ ላይ ይሰበራል። ለታሪኩ የሚያስፈልጉትን ድምፆች ደግሞ ከሩቅም ከመካከለኛም ከቅርብም ቅጂ፦ የወንዙ ጠቅላላ ድምፅ፣ ሰው ሲሻገር፣ እግር ውሃውን ሲረግጥ። እያንዳንዱ ከሰላሳ ሰከንድ አይነስ።

ወደ ኃላፊዎቹ ልምጣ። ምላሽ የማይገኘው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ቀን ስለሚደወል፣ ወይም ጥያቄው ጉዳዩ ለማይመለከተው ሰው ስለሚቀርብ ነው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ለዪ፦ ንብረቱ የማን ነው፣ በጀቱን የሚይዘው ማን ነው፣ ሥራውን የሚያከናውነው ማን ነው። ሦስቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ «የእኛ ሥራ አይደለም» የሚለው መልስ የሚወለደውም እዚሁ ላይ ነው። ጥያቄሽን በጽሑፍ ላኪ። «ስለ ድልድዩ ምን ይላሉ?» ማለት ምንም አይጠይቅም። መቼ እንዳወቁት፣ ጥገናው በማን ዕቅድ ውስጥ እንዳለ፣ መቼ እንደሚጀመር፣ እስከዚያው ሰዎች በምን እንደሚሻገሩ ጠይቂ። ነዋሪው የሰነዘረውን ክስ በትክክል ጽፈሽ አሳውቂያቸው፤ ክሱን ያልሰማ ሰው ሊመልስ አይችልም። የመልስ መስጫውን ቀንና ሰዓት ጥቀሺ፤ የደወልሽበትንና የላክሽበትን ሰዓት ሁሉ መዝግቢ።

ካልመለሱ አየር ላይ የሆነውን ብቻ ተናገሪ። ስልክ ያላነሳን ሰው «ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም» ማለት ሐሰት ነው። «በዚህ ቀን ጥያቄያችንን በጽሑፍ ልከናል፣ ሁለት ጊዜ ደውለናል፣ ይህ ዝግጅት እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ምላሽ አላገኘንም» በዪ። የነዋሪውንም ቃል እንዲሁ መዝኚ። «አሥር ዓመት ሙሉ» ሲል ከሰነድ ወይም ከሌላ ሰው አረጋግጪ። ለነዋሪው የምናዝን ከሆነ ልናደርግለት የምንችለው ትልቁ ነገር ቃሉን ማጣራት ነው፤ አንድ የተጋነነ ቁጥር ኃላፊው ዋናውን ጥያቄ ትቶ በእሱ ብቻ እንዲከራከር መንገድ ይከፍትለታል።

ስክሪፕቱን ለጆሮ ጻፊ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በመሃል ሦስት «የ» እና «ስለ» ከደረደርሽ አድማጭ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ሬዲዮ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይነበብም። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ይናገር። ከእያንዳንዱ ሰው ድምፅ በፊት ማንነቱን አስተዋውቂ፤ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ስሙን ድገሚው፤ ከመሃል የሚከፍት አድማጭ ሁልጊዜ አለ። «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚለው ጨርሶ ይቅር። ቁጥርን አቅልዪ፤ ከ1000 ሰዎች 412 ከማለት ከአሥር ሰዎች አራቱ ያህል ማለት ይሻላል። ተራኪዋ «መንገዱ አስቸጋሪ እንደሆነ ይናገራሉ» ብላ ሰውዬው ተከትሎ «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ካለ ጊዜው ባክኗል። ትረካው እውነታውን ይያዝ፣ የሰውየው ድምፅ ስሜቱንና ያየውን ይያዝ።

ስምንቱን ደቂቃ እንዲህ ብትከፍዪው ይሠራል፦ የስቱዲዮ አቅራቢው መግቢያ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ የወንዙ ድምፅ፣ ወዲያው ባለታሪኳ እየተሻገረች። የአንድ ጊዜ ንግግር ከ15 እስከ 35 ሰከንድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጣም የሚይዝ ከሆነ ብቻ ደቂቃ ይሙላ። የኃላፊው መልስ ከአምስተኛው ደቂቃ በኋላ ባይገፋ እመርጣለሁ። ነዋሪው መልሱን ሰምቶ የሚለው ነገር ሲኖር ቦታ ያስፈልጋል፤ በኃላፊ ተስፋ የሚዘጋ ዝግጅት ያልተፈታውን እንደተፈታ ያስመስላል።

ባለታሪክሽ ሌላ ቋንቋ የምትናገር ከሆነ ድምፅዋን አታጥፊው። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በራሷ ቋንቋ ትሰማ፣ ከዚያ ትርጉሙ ይግባ፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ እንደገና ከፍ ይበል። ትርጉሙን ቋንቋውን የሚያውቅ፣ በጉዳዩ ውስጥ የሌለ ሌላ ሰው ከቅጂው ጋር ያመሳክረው። በጉዳዩ ወገን የሆነ አስተርጓሚ ሳያስበውም ቢሆን ቃሉን ያጠነክራል ወይም ያለዝባል።

በኤዲቲንግ ጊዜ ትንፋሽን ሁሉ አትቁረጪ፤ ሰው የማይተነፍስ ይመስላል። የአንዱን ጥያቄ መልስ ከሌላ ጥያቄ ሥር ማስገባት ግን ማሳጠር ሳይሆን ማጭበርበር ነው። የሐዘን ሙዚቃ አታስገቢ፤ የወንዙ ድምፅ ይበቃል። ከንግግር ሥር የሚሄደው የአካባቢ ድምፅ ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። የመጨረሻውን የድምፅ መጠን የጣቢያሽን ቴክኒሻን ጠይቂ፤ የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ልክ ሲቀነስ 23 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማውን የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲሆን ጣቢያዎች ግን የየራሳቸው ልክ ሊኖራቸው ይችላል። ሲያልቅ በትንሽ ሬዲዮ ወይም በስልክ ድምፅ ማጉያ ስሚው፤ አድማጩ የሚሰማው በእሱ ነው።

የሚተላለፍበትን ሰዓት ለተናገሩት ሰዎች አስቀድመሽ ንገሪ፤ በማግስቱም ደውዪ። ጫና የደረሰባቸው ካሉ አርታኢሽ በዚያው ቀን ማወቅ አለበት። ኃላፊው ቀን ከቆረጠ ቀኑን በዝግጅት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ጻፊና ያን ቀን ተከታዩን ለመሥራት አሁኑኑ ጊዜ አስይዢ። ስህተት ከተገኘ ማረሚያው በዚያው ዝግጅት፣ በዚያው ሰዓት፣ የተሳሳተው ምን እንደሆነና ትክክለኛው ምን እንደሆነ ተጠቅሶ ይነገር፤ በኢንተርኔት ያለው ቅጂም አብሮ ይስተካከል።