480 ይበልጣል ወይስ 100?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሱቁን ስንለቅ ካርቶን ውስጥ ስድስት የድሮ ሃርድ ዲስኮች አገኘሁ። ሁሉም ባለ 80 ጊጋባይት ናቸው፤ እስከ አፋቸው የሰርግና የክርስትና ፎቶ ሞልቶባቸዋል። ላያቸው ላይ «አልትራ ኤቲኤ 100» የሚል ተለጥፏል። የዩኤስቢ 2.0 አዳፕተር ገዛሁ፤ ሻጩ «ፍጥነቱ 480 ነው» አለኝ። ኮፒ ሳደርግ ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ 28 ነው። 100 የሚሄድ ዲስክ በ480 ገመድ ገብቶ እንዴት 28 ይሆናል? ተሸውጄ ነው? አዳፕተሩን ልመልስ? ደግሞ ዲስኩ 80 ሳይሆን 74.5 ይለኛል። የጎደለው የሰው ፎቶ እንዳይሆን ፈርቻለሁ።
የፎቶ ቤቱ ልጅ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልነሳ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። 74.5 ስላለሽ የጠፋ ፎቶ የለም። ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ አንድ ጊጋባይት የሚለው ድፍን 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚወጣ የእሱ ጊጋ 1,073,741,824 ባይት ይሆናል። 80 ቢሊዮኑን ለዚህ አካፍዪው፤ 74.5 ይመጣልሻል። ዕቃው አንድ ነው፤ መስፈሪያው ነው ሁለት የሆነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ይህን ግራ መጋባት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ለትልቁ መስፈሪያ «ጊቢባይት» የሚል የራሱን ስም አወጣለት። ዊንዶውስ ግን ዛሬም በድሮው ስም ነው የሚጠራው።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ ሻጩ አልዋሸሽም። ቁጥሩን ነገረሽ፤ መስፈሪያውን ሳይነግርሽ ቀረ። ቡና ነጋዴ «10 ፈረሱላ» ሲል 10 ኪሎ ብሎ የሚሰማው የለም፤ 170 ኪሎ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እዚህም እንደዚያው ነው። የዩኤስቢው 480 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። የዲስኩ 100 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 480ን ለ8 አካፍዪ፤ 60 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ትልቁ የአባትሽ ዲስክ ቁጥር ነው።

ለምን በአንድ መስፈሪያ አልጻፉትም ትዪ ይሆናል። ምክንያት አለው። እንደ አባትሽ ያሉ ዲስኮች የሚሰኩበትን የድሮውን ጠፍጣፋ ኬብል አይተሽው ይሆናል፤ እንደ ጥብጣብ ሰፊ የሆነውን። በእሱ ውስጥ 16 ቢት ጎን ለጎን ተሰልፎ በአንዴ ነው የሚሄደው፤ ሁለት ባይት ማለት ነው። ስለዚህ በባይት መቁጠር ቀላል ነበር። ዩኤስቢ 2.0 ግን ቢቶቹን አንድ በአንድ፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አሰልፎ ነው የሚልከው። ሠሪዎቹም በቢት ቆጠሩት። ጠፍጣፋውን ኬብል በተካው የዲስክ መሰኪያ፣ በሳታ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «1.5 ጊጋቢት» የሚለውን ለ8 ብታካፍዪ 187.5 ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን 150 ሜጋባይት ነው። ሳታ አንዱን ባይት በገመዱ ላይ የሚልከው 10 ቢት አድርጎ ስለሆነ ለ10 ነው የሚካፈለው።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር ሰው በድያለሁ። በ1997 ዓ.ም. ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ በነበረ የጥገና ሱቅ እሠራ ነበር። አንዲት የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ እናት ባለ 40 ጊጋ ዲስክ ይዘው መጡ። የሱቁ ኮምፒውተር ዩኤስቢ 1.1 ነበር፤ 12 ይላል። 40 ሺህን ለ12 አካፍዬ «አንድ ሰዓት ይጠብቁኝ» አልኳቸው። 12ቱ ሜጋቢት ነበር፤ ሲመነዘር 1.5 ሜጋባይት፣ ሥራ ላይ ደግሞ ከ1 ብዙም አይበልጥም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጠው እስከ ማታ 12 ሰዓት ጠበቁኝ። ያኔም ከ40ው ያለቀው 29 ጊጋ ገደማ ብቻ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ምንም ሳይናገሩ ሲወጡ ያየሁት አሁንም ይሰማኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለደንበኛ ሰዓት ከመንገሬ በፊት መስፈሪያውን ሳላይ ቀርቼ አላውቅም።

ኮምፒውተሩ የሚያሳይሽ 28 ግን በሰከንድ 28 ሜጋባይት ነው፤ ጤነኛ ነው። 60 የወረቀት ላይ ጣሪያ ነው። በመላኪያው ሕግና በማረጋገጫ መልእክቶች ብዙው ይበላል፤ ዩኤስቢ 2.0 ሥራ ላይ 30 እና 40 መሃል ከሰጠ ጥሩ ነው። ፎቶ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ፋይል ስለሆነ ትንሽ ይጎትተዋል። ሌላም አለ። የዲስኩ 100 የኬብሉ አቅም እንጂ ዲስኩ ከውስጥ የሚያነብበት ፍጥነት አይደለም። የዚያ ዘመን ባለ 80 ዲስክ 60 ከደረሰ ጎበዝ ነው። ስለዚህ ለስድስት ዲስክ ብለሽ የዩኤስቢ 3 አዳፕተር አትግዢ። ያለሽንም አትመልሺ።

ሰዓቱን አብረን እናስላው፤ ዊንዶውስ በሚሰፍርበት መስፈሪያ። 74.5 ጊጋ በ1,024 ሲባዛ 76,288 ሜጋ ነው። ለ28 ሲካፈል 2,725 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 45 ደቂቃ። ስድስቱ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ድንገት ቁጥሩ 1 አካባቢ ወርዶ ከቀረ አዳፕተሩን ከኮምፒውተሩ ነቅለሽ ሌላ መሰኪያ ላይ ሞክሪ።

ከመጀመርሽ በፊት ከዲስኩ ኋላ ያለችው ጃምፐር፣ ማለትም ሁለት ፒኖችን (የብረት ጥርሶችን) የምታገናኘው ትንሽ ክዳን፣ «ማስተር» ላይ መሆኗን እዪ። ፒኖቹ በቀላሉ ይጣመማሉ፤ ስትሰኪ አትግፊው። ከመሃል አንዷ ፒን የለችም፤ እንዳትደነግጪ፣ ኬብሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተተወች ናት። ቋ ቋ የሚል ዲስክ ከገጠመሽ ወዲያው ንቀዪውና ለይተሽ አስቀምጪው። የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ አባትሽ ያስታውሳሉና አጠገብሽ ይቀመጡ፤ በጣም ከቆየው ጀምሪ።