ጃፓን በ14 ቀን፦ ከስድስቱ ከተማ ቀንሱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከኅዳር 6 ጀምሮ ለ14 ቀን ከባለቤትሽ ጋር ጃፓን ልትሄዱ ነው። ቶኪዮ፣ ሳፖሮ፣ ካናዛዋ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ ብለሽ ዘርዝረሻል። ባህሉንና ምግቡን በደንብ ማየት እንፈልጋለን፣ የባቡር ፓስ እንግዛ ወይ፣ ጾም ሲገባስ ምን እንበላለን ነው ያልሽው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ከተማ ቀንሱ። እኔና ባለቤቴም መጀመሪያ ስንሄድ ስድስት ከተማ በ12 ቀን ነበር ያቀድነው። ከዚያ ጉዞ ጎልቶ ትዝ የሚለኝ ባቡር ጣቢያና ሻንጣ ነው። አንድ ቀን ሪዮካን በሚሉት ባህላዊ ማረፊያ እራት ተይዞልን ነበር። ባቡር ስንቀያይር ውለን ማታ 2 ሰዓት ደረስን። እራቱ የሚቀርበው ግን 12 ሰዓት ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። ከአገር ቤት ጀምሮ ስንጓጓለት የነበረውን እራት ሳንቀምሰው ቀረን። ጃፓን ውስጥ ሰዓት ማለት ሰዓት ነው። ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ከምሳ በኋላ ዘግተው ማታ እንደገና ነው የሚከፍቱት። እየተሯሯጡ በደንብ መብላት አይቻልም።

ስለዚህ ሳፖሮን ተዉት፤ ሰሜን ያለ ሌላ ደሴት ነው። ሂሮሺማን መተው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ግን የሰላም መታሰቢያ ሙዚየሙን በአንድ ሰዓት ሮጠንበት ወጣን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ቦታ ቀን ተሰጥቶት፣ ረጋ ብሎ የሚታይ ነው። ለሌላ ጊዜ ይቆይላችሁ። ኦሳካ ደግሞ ከኪዮቶ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ማደር አያስፈልግም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቶኪዮ አራት ሌሊት፣ ካናዛዋ ሁለት፣ ኪዮቶ አምስት፣ ገዳም ያለበት ኮያ ተራራ አንድ፣ ለመመለሻ ቶኪዮ አንድ። ከአዲስ አበባ በሴኡል በኩል ናሪታ የሚባለው የቶኪዮ አየር ማረፊያ ስለምታርፉና ከዚያው ስለምትነሱ ክብ ሠርቶ መመለሱ ይመቻል።

ፓሱን፣ ማለትም አንዴ ከፍለው ለተወሰነ ቀን እንደልብ ባቡር የሚሳፈሩበትን ቲኬት፣ አትግዙ። ድሮ በጣም ያዋጣ ነበር። በፈረንጆቹ 2023 ጥቅምት ላይ ግን የሰባት ቀኑ ከ29,650 የን ወደ 50,000 ዘለለ፤ የ14 ቀኑም 80,000 ገባ። በዚህ መንገድ ቲኬቱን ነጠላ ነጠላ ብትገዙ ከቶኪዮ ካናዛዋ 14,000 ገደማ፣ ከካናዛዋ ኪዮቶ 8,000 ገደማ፣ ከኮያ ወርዳችሁ ከኦሳካ ቶኪዮ 14,000 ገደማ ነው። ተደምሮ ፓሱን አይደርስም። ለከተማ ባቡርና አውቶቡስ ሱይካ የሚባለውን ካርድ ሙሉት፤ ሱቅ ውስጥም ይከፍላል።

አሁን ወደ ምግቡ። ለጾሙ ቀናችሁ ጥሩ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በዚህ ቅደም ተከተል ቶኪዮና ካናዛዋ ከጾሙ በፊት ያልቃሉ፣ ኮያ ተራራ ደግሞ ጾሙ ከገባ በኋላ ይውላል። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ዓሣውን ቀድማችሁ ትጠግባላችሁ።

ቶኪዮ ላይ ጥሬ ዓሣ አትፍሩ። ክትፎና ቁርጥ የሚበላ ሰው ሱሺ አያስደነግጠውም። በእጅ መብላትም ነውር አይደለም፤ ከመብላታችሁ በፊት እርጥብ ፎጣ ይሰጧችኋል። የጅምላ ዓሣ ገበያው በፈረንጆቹ 2018 ከጹኪጂ ወደ ቶዮሱ ተዛውሯል፤ ጹኪጂ ውጭ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ግን ዛሬም አሉ፣ ጠዋት ሂዱ። ማታ ደክሟችሁ ከሆነ የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት ውረዱ። እዚያ የተዘጋጀ ምግብ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ መዝጊያው ሲቃረብ ዋጋ ይቀንሳሉ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ አሳማ ላይ ነው። ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ ብዙ ጊዜ መረቁ ከአሳማ አጥንት ነው፤ ባይሆን እንኳ ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረግበታል። "ቡታ" ማለት አሳማ ነው፣ ይህቺን ቃል ያዙ። ቅርፊትና ክንፍ የሌለው አንበላም የምትሉ ከሆነም ታኮያኪ ውስጡ ኦክቶፐስ ነው፣ ኡናጊ ደግሞ እባብ መሰሉ ዓሣ ነው።

ካናዛዋን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት። ከቶኪዮ ፈጣኑ ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ያደርሳል። ኦሚቾ ገበያ ገብታችሁ ኖዶጉሮ የሚባለውን ቀይ ዓሣ ተጠብሶ ብሉ፤ ስቡ አፍ ውስጥ ይሟሟል። የጃፓን የወርቅ ቅጠል ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚህ ነው የሚሠራው፤ ወርቁን ሲቀጠቅጡ የሚያሳዩ ቤቶች አሉ። ኬንሮኩኤን የአትክልት ቦታ ኅዳር ላይ ዛፎቹን ከበረዶ ለመጠበቅ በገመድ ይወጥሯቸዋል። ገመዱ ከላይ እንደ ጃንጥላ ሲዘረጋ ቆሜ ቀረሁ።

ኪዮቶ ላይ ኅዳር 14 የጃፓን በዓል ነው፤ ቅጠሉም የሚቀላበት ሰሞን ስለሆነ ሕዝቡ ለጉድ ነው። ያን ቀን ከከተማው ውጡና ኡጂ ሂዱ፣ የማቻ (የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ) አገር። እዚያም ሰው አይጠፋም፣ ግን ይሻላል። ሻይ ሲያፈሉላችሁ በመጀመሪያ ጣፋጩ ይቀርባል፣ መራራው ማቻ ይከተላል። ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪደርስ መጠበቅ የለመደ ሰው የዚያ ዝምታ ቶሎ ይገባዋል። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው መቅደስ ሌሊትም ክፍት ስለሆነ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ካይሴኪ የሚባለውን ውድ የኪዮቶ ምግብ ደግሞ ለምሳ ብሉት፤ ያው ቤት ለእራት ብዙ ጊዜ እጥፍ ያስከፍላል።

ጾሙ ሲገባ ዋናው ችግር ሥጋው አይደለም፣ ዳሺ ነው። ዳሺ ከደረቀና ከታጠነ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ሲሆን አትክልቱም፣ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ሾርባም፣ የሶባ ኑድሉ መረቅም ውስጥ አለ። "ሥጋ የለውም" ብለው ከልባቸው ያቀርቡላችኋል፣ ዓሣ ግን አለው። እኔ በጾም ዓሣ ስለማልበላ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ በጣም ተቸገርኩ። ሁለተኛው ላይ "ሾጂን" የምትለውን ቃል ተማርኩ። የቡድሃ መነኮሳት የጾም ምግብ ነው። መረቁ ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። እኛ የጾም ወጥ ያለ ሽንኩርት አናስብም፤ እነሱ ግን በሰሊጥ፣ በቶፉና በሥራ ሥር ያን ሁሉ ጣዕም ያመጡታል።

ለዚህ ነው ኮያ ተራራን የጨመርኩት። በፈረንጆቹ 816 ኩካይ የተባለ መነኩሴ የመሠረተው ገዳም ነው። ዛሬም 50 ገደማ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። እራት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እንዳታረፍዱ። ንጋት ላይ ጸሎታቸውን ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኦኩኖኢን የሚባለው መቃብር ከ200,000 በላይ ሐውልት በግዙፍ ጥድ መሐል ይዟል፤ ማታ ፋኖሶቹ ሲበሩ ሂዱ። ይበርዳል፣ ወፍራም ልብስ ያዙ። ትልልቁን ሻንጣ ከኪዮቶ ሆቴላችሁ ወደ ቶኪዮ ሆቴል ታኩቢን በሚሉት የሻንጣ ማድረሻ አገልግሎት ላኩት፤ ቅጹን እንግዳ መቀበያው ይሞላላችኋል። አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ተራራውን ትወጣላችሁ።

የመጨረሻው ቶኪዮ ቀን ላይ ግማሽ ቀን ካገኛችሁ በኬዮ መስመር ቶቢታክዩ ጣቢያ ውረዱ። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን መዞሪያ ምልክት እዚያ አለ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነው በዚያ ዞሮ በ2:12:11 የገባው። እኔ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ አንድ የድሮ ቡና ቤት ፈልጉና "ሞካ" በሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ የእኛው ቡና ነው።

የኮያ ማደሪያውን ዛሬውኑ ያዙ፣ ኅዳር ላይ ቶሎ ይሞላል። ስትይዙ ሾጂን መሆኑንና ዳሺው ያለ ዓሣ መሆኑን ጽፋችሁ ጠይቁ። ኪዮቶ ላይ ለኅዳር 15 እና 16 የሚሆኑ የቶፉ ቤቶችን ከፈለግሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የበላሁባቸውን እዘረዝርልሻለሁ።