መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት፦ ለወጣት አጥኚዎች

ግንቦት ሲቃረብ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ተመራቂው መጠይቁን አባዝቶ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ሐይቁ ዳር ይወጣል። አሁን አሁን በስልክ የሚያስሞላውም በዝቷል። ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ ስላሳለፍኩ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከማባዛታችሁ በፊት፣ የምትጠይቁት ሰው እናንተን ማን ብሎ እንደሚያያችሁ አስቡ።

ገጠር ወጥታችሁ «ስንት ከብት አለዎት? ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገቡ?» ስትሉ አርሶ አደሩ በሆዱ ሌላ ነገር ያሰላል። ግብር ሊጨምሩብኝ ይሆን? ወይስ ብድር ሊሰጡ? ለግብር ከመሰለው ያሳንሳል፣ ለብድር ከመሰለው ከፍ ያደርጋል። ውሸታም ሆኖ አይደለም። ወረቀት ይዞ ደጁ የሚመጣ ሰው ወይ ሊወስድ ወይ ሊሰጥ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለመጠየቅ አትቸኩሉ። ቁጭ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። መሬቱን በጥማድ ወይም በቃዳ የሚያውቀውን ሰው ደግሞ በሄክታር አታስጨንቁት። ሒሳቡን እናንተ ማታ ትሠሩታላችሁ።

አባወራው መለሰ ማለትም ቤቱ መለሰ ማለት አይደለም። የዶሮውን፣ የቅቤውን፣ የአረቄውን ገንዘብ የምታውቀው ሚስቲቱ ናት። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ግን አትነግራችሁም። ለብቻዋ ጠይቋት፤ ከተቻለ ሴት ተማሪ ትጠይቃት።

ንግዱ ዓለም ውስጥ የምትገቡትም ብትሆኑ ይኸው ነው። ባንክ አዲስ የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍት ሲያስብ ገበያ ላይ አትክልት የምትሸጥ እናት ዘንድ ሰው ይልካል። «እማማ፣ ይቆጥባሉ ወይ?» «ከየት አምጥቼ ልጄ!» ቅጹ ላይ «አይቆጥቡም» ተብሎ ይሞላል። እኚህ እናት ግን የቅዳሜ እቁባቸውን አስተጓጉለው አያውቁም። እድርም ይከፍላሉ። ለክፉ ቀን ያስቀመጧት ወርቅም ትኖር ይሆናል። ቁጠባ ማለት ባንክ መስሏቸው ነው የለም ያሉት። ስለ እቁቡ መጀመሪያ ቢጠየቁ ኖሮ ባንኩ ሌላ ታሪክ ይሰማ ነበር። በተሳሳተ መልስ ላይ የተሠራ ዕቅድ ደግሞ ቅርንጫፍ ከተከፈተ በኋላ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

ወደ ጣና ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው የእንቦጭ አረም ስም ሳይነሳ የዋለበት ዓመት የለም። የሥነ ሕይወት ባለሙያዎቹ አረሙ እንዴት እንደሚራባ አሳይተውናል። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ እንደሚመግበው ነግረውናል። መሐንዲሶቹ ማሽን ሠርተዋል። ቀሪው ጥያቄ ግን የሰው ነው። በደንቢያና በፎገራ በኩል አረሙን ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው ማን ነው? አረሙ ክረምቱ አልፎ የሚንሰራፋበት ጊዜ የመኸሩ አዝመራ ከሚደርስበት ጋር ይገጥማል፤ ያን ቀን የእሱን እርሻ ማን ይይዝለታል? ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን የባሕር ሸሽ መሬት የሚያርሰው ማን ነው? እዚያው ከብቱን የሚያሰማራውስ? ውኃው ሲሸሽ ድንበሩን ማን ይወስናል? ይህ ካልታወቀ ዘመቻው ሞቅ ብሎ ይጀመርና ሰዉ ይሰለቻል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ፖሊን፣ ማለትም የምሕንድስናውን ፖሊቴክኒክ፣ እና ፔዳን፣ ማለትም የመምህራን ኮሌጁን፣ ነው አንድ ያደረገው። ማሽን የሚሠራውና ሰው የሚያጠናው በአንድ ስም እየተጠሩ ሳይተዋወቁ መመረቃቸው ያሳዝነኛል። አንድ ቅዳሜ የፖሊ ልጆችን ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ውረዱ።

ሌላም አለ። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉን፣ ከማንም በፊት የሚያውቁ፣ ታንኳውንም የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለእነሱ ብዙ ተጽፏል። ደንገሉ ግን በእርሻና በግንባታ እየሳሳ ሄዷል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ውስጥ ተመዘገበ፤ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሐይቁ ዳር ሲጠበቅ፣ ደንገል አጭዶ የሚያድረው ሰው በውሳኔው ውስጥ ድምፅ አለው ወይ? ይህን መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። ደጋግሞ የተጠየቀ፣ መልሱ የት እንደደረሰ ግን ያልተነገረው ሰው በር ቢዘጋባችሁ አትቀየሙት።

ስለዚህ ጽሑፋችሁን ጠርዛችሁ ለመምህራችሁ ስታስረክቡ ሥራው አለቀ አትበሉ። ወደጠየቃችኋቸው ሰዎች ተመለሱ። የእድር ስብሰባ ካለ እዚያ፣ ሰንበት ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጁምዓ ከሆነ ከሶላት በኋላ ፈቃድ ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን በአማርኛ፣ በአጭሩ ንገሯቸው። «ይኼማ ልክ አይደለም» የሚል ሽማግሌ ከተነሣ ብዕራችሁን አውጡና ጻፉ። ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ከምትከላከሉበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብታደርጉት ደግሞ ለማረም ጊዜ ይኖራችኋል።