ካርዳችሁና ሶሻላችሁ፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

እዚህ አሜሪካ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» የሚሉ ደንበኞችን አቤቱታ አጣራለሁ። ሰሞኑን ስለ ባንክ ካርድና ስለ ሶሻል (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ ቁጥር) ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስቀዳ በዴቢት ካርድ ብከፍል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሌባ ከነካው የሚሄደው የራስህ ገንዘብ ነው። ክሬዲት ካርድ ከሆነ የምትከራከረው በባንኩ ገንዘብ ነው፤ ሕጉም ቢበዛ ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልህም። ዴቢት ላይ ግን ቀን ይቆጠራል። ካርዱ መጥፋቱን ባወቅክ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካስታወቅክ ኪሳራህ ከ50 ዶላር አያልፍም፣ ከዘገየህ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል፣ ስቴትመንት (የሂሳብህ መግለጫ) ከተላከልህ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ሁሉ በአንተ ላይ ሊቀር ይችላል። እስኪጣራም የቤት ኪራይ ይደርሳል!

ሌቦች ካርድ የሚገለብጥ መሣሪያ ማደያው ላይ ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ካርድ ማስገቢያውን ነቅነቅ አድርገው። ከተላቀቀ ወይም ከጎኑ ካለው ማሽን ከተለየ ውስጥ ገብተህ ክፈል። ማሽኑ ውስጥ የሚደበቅም ስላለ፣ ካርዱን ሳታስገባ አስጠግተህ መክፈል ከቻልክ እሱ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ «ሶሻልሽ ተሰርቋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥሩን ላስቀይር?

መልስ፦ አትልፊ እህቴ፣ ያን የሚፈቅዱት ከስንት አንዴ ነው። ክሬዲትሽን ፍሪዝ አስደርጊ፣ ማለትም ሌላ ሰው በስምሽ ብድር እንዳያወጣ አስቆልፊው። የብድር ታሪክሽን የሚይዙት ኩባንያዎች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን ናቸው፤ ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው፣ አንዱ ለሌላው አይናገርልሽም። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በነፃ ነው፣ የክሬዲት ስኮርሽንም (የብድር ነጥብሽን) አይነካም። መኪና ልትገዢ ስትይ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ጠይቂ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው። ወርሃዊ ክፍያ ያለው ነገር ሊሸጡልሽ ቢሞክሩ እለፊው። አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ጋም ባለ 6 አሃዝ ፒን አውጪ፣ ሌላ ሰው በስምሽ ታክስ ሞልቶ ሪፈንድሽን እንዳይበላው።

ጥያቄ፦ የልጄስ?

መልስ፦ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ በነፃ ማስቆለፍ ይችላል። ወረቀቱ ያሰለቻል፣ ግን አድርጉት። የልጅ ክሬዲት ማን ያያል? ሌባውም የሚወደው ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «ከባንክህ ነው» ብሎ የደወለልኝ ሰው የካርዴን መጨረሻ 4 ቁጥሮች ነገረኝ። ታዲያ እንዴት አላምነው?

መልስ፦ ቁጥሮቹማ ደረሰኝህ ላይ አሉ። የባንኩ ስም ስልክህ ላይ መውጣቱም ማስረጃ አይሆንም፣ ማስመሰል ይቻላል። በቴክስት የመጣልህን ኮድ ንገረኝ ካለህ ሌባ ነው፣ አለቀ። ኮዱ የመጣልህ እኮ እሱ አካውንትህ ውስጥ ሊገባ እየሞከረ ስለሆነ ነው። ዝጋበትና ካርድህ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውል። ተታልለህም ቢሆን ገንዘቡን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ራስህ ከላክኸው ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለችው እናቴስ? ቴሌብር ትጠቀማለች።

መልስ፦ ፒኗን ለማንም አትንገር፣ ለአንተም ጭምር። «እማማ፣ በስህተት ብር ላክሁልዎ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ከደወለላት ደግሞ «ብር ገብቷል» የሚል መልእክት ቢመጣላትም አትመን። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳቧን ትመልከት።