ሃይድራንጂያ በድሬዳዋ፦ ቀትር ላይ በጠወለገ ቁጥር ውኃ አይጨመርለት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከተማ ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸውን ስድስት ሃይድራንጂያ የሚባሉ የአበባ ተክሎች ከቤቴ በስተምዕራብ መሬት ላይ ተከልኳቸው። ቀትር ላይ ስለሚጠወልጉ በቀን ሦስት ጊዜ አጠጣቸዋለሁ፤ በየታኅሣሡም እገርዛቸዋለሁ። ይሁን እንጂ የቅጠላቸው ጠርዝ ይቃጠላል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል፤ አንድም ጊዜ አላበቡልኝም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህታችን፣ ከሙቀቱ ይልቅ ተክሎችዎን የጎዳቸው የውኃው ብዛት ሳይሆን አይቀርም። የሃይድራንጂያ ቅጠል ሰፊ በመሆኑ፣ በደረቅና ሞቃት አየር ከቅጠሉ የሚተነው ውኃ ሥሩ ከሚስበው ስለሚበልጥ፣ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ እንኳ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ፀሐይ ስትበርድም መልሶ ቀና ይላል። በዚያ ሰዓት ውኃ ቢጨመርበት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ የተጠማ ይመስላል። ስለዚህ ተክሉን የሚመለከቱት ማለዳ ይሁን። ማለዳም ጠውልጎ ካገኙት ጣትዎን ወደ አፈሩ ሰደድ አድርገው ይፈትሹ፤ ደረቅ ከሆነ ሥሩ ድረስ እንዲደርስ አድርገው ያጠጡት፣ ርጥብ ከሆነ ግን ይተዉት።

የተከሉበት ቦታም አልተስማማውም፤ በስተምዕራብ ያለ ግድግዳ የከሰዓቱን ሐሩር ተቀብሎ እስከ ምሽት ይተፋዋል። ወደ ምሥራቅ በኩል ቢዛወር የጠዋቱን ፀሐይ እስከ አራት ሰዓት ግድም አግኝቶ ከዚያ በኋላ በቤቱ ጥላ ሥር ይውላል። የኒም ዛፍ ጥላ በከተማችሁ እንደልብ ቢገኝም፣ የዛፉ ሥር ውኃውን ስለሚሻማ የቤት ጥላ ይመረጣል።

የቅጠሉን ቢጫነት በተመለከተ፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ክፍል ብቻ ቢጫ ከሆነ የብረት እጥረት ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬዳዋ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት፣ በአፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖር እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። መሬቱን በሙሉ መለወጥ ስለማይቻል፣ ሰፊና ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የሸክላ መትከያ ተጠቅመው፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ ከደጋ የመጣ ቀይ አፈርና ጥቂት አሸዋ ቀላቅለው ይትከሉት፤ ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ስለሚያግለው አልመክርም። በበልግና በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ አጠራቅመው ቢያጠጡት ደግሞ እጅግ ይጠቅመዋል። የአፈሩን ላይ በበሰበሰ የቡና ገለባ ወይም በደረቅ ሣር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። በነገራችን ላይ፣ ሰማያዊ አበባ የሚገኘው የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ አሲዳማ ነው) ከ5.5 በታች ሲሆንና ተክሉ አሉሚኒየም ሲያገኝ ስለሆነ፣ በእርስዎ ውኃ ላደገ ተክል ለገዢ ሰማያዊ ቀለም ቃል አይግቡ።

አለማበቡ በዋናነት ከግረዛው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ይህ ባለ ሰፊ ቅጠል ዓይነት የአበባውን እምቡጥ የሚቋጥረው ሌሊቱ ለተከታታይ ሳምንታት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ፣ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። በድሬዳዋ ያ ቅዝቃዜ የሚገኘው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በታኅሣሥ ሲገርዙ የሚቆርጡት ሊያብብ የተዘጋጀውን ጫፍ ነው። መግረዝ የሚገባው አበባው እንደረገፈ ወዲያው ሲሆን፣ እስከዚያው የደረቀውን እንጨት ብቻ ያንሱ። ዩሪያም ቅጠሉን እያበዛ አበባውን ስለሚያስቀር ይቅርበት። ይህ ሁሉ ተደርጎም እንደ አዲስ አበባው አብዝቶ ያብባል ብዬ አላስብም።

ቅጠሉ ለከብትና ለፍየል መርዝነት ስላለው፣ የገረዙትን ከግቢ ውጭ አይጣሉት። ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ከመንቀል፣ በመጪው ኅዳር አየሩ በረድ ሲል ሁለቱን ወደ ሸክላ ያዛውሩና የሚያወጡትን አዲስ ቅጠል ቀለም አይተው ስለቀሩት ይወስኑ።